የወንድሜ የአመድ መስመር

እሑድ ነበር። ወንድሜ ዘሪሁን በራችን ፊት ዱካ ላይ ተቀምጦ የሻይ ቅጠል ሣጥን ያጸዳል። ሣጥኑ የእባቡ ቤት ነው። እባቡ፣ ማለቴ እባቧ፣ ግራ ክንዱ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥማ ጭንቅላቷን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከትታለች። ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶውና የቤታችን የስኳር ካርድ ነበሩ። እናታችን ከጓዳ ብቅ አለችና፣ «ካርዱን እንዳታበላሽብህ!» አለችው። ስለ እባቧ ሌላ ምንም አላለችም። ከአምስት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ጩኸቷ ሰፈራችንን ጊንጆን አልፎ ቦሳ ኪቶ ይሰማ ነበር።

ሣጥኑን ጠርጎ፣ ከታች የሚነጠፈውን አሸዋ ቀይሮ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ደምሴ፣ ና እስቲ ያዛት። ክዳኑን ልጠግን።»

«በሚቀጥለው እሑድ» አልኩት።

«ባለፈውም እሑድ በሚቀጥለው እሑድ ነበር ያልከኝ።»

«ማትሪክ ደርሷል። እያጠናሁ ነው።»

«በእጅህ ነው እንዴ የምታጠናው?» አለና ሳቀ። ክዳኑን በአንድ እጁ ጠገነው።

አምስት ዓመት ሙሉ ከእባብ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ነክቻት አላውቅም። የሰፈሩ ሕፃናት ነክተዋታል። እናታችን፣ በፎጣም ቢሆን፣ ነክታታለች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ነክቷታል፤ እሱ እንዲያውም በደብዳቤ ጠይቆ ነው። ዘሪሁን የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲያስተምር ከርሞ የገዛ ወንድሙን ማስተማር አልቻለም። ቢሆንም አይቆጣም ነበር። «አንተ የመጨረሻው ትሆናለህ» ብቻ ይለኛል።

በማግስቱ ሰኞ ማለዳ ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ። ከእሱ ብጀምር ሌላው አይመጣልኝም። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌም አላውቅም፤ ትምህርት ቤት ስለ ክረምት ወራት ድርሰት ጻፉ ተብለን ከሃያ አሥራ አንድ ነው ያገኘሁት።

ዘሪሁን ከሰቃ መንገድ ገባ ብሎ ባለ የቡና እርሻ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበር። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ የወባ ኪኒን ያድላል። ለቃሚዎቹ ዶክተር ይሉታል። መጀመሪያ መጀመሪያ «ዶክተር አይደለሁም» ይላቸው ነበር። በኋላ፣ «አይደለሁም ባልኩ ቁጥር መርፌዬን ይጠራጠሩታል» ብሎ ተወው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊንጆ እኛ ዘንድ ይመጣል፤ ሰኞ ማለዳ ለቃሚ በሚጭነው መኪና ይመለሳል። አባታችን የሞተው እኔ አፌን ሳልፈታ ነው። ያሳደገኝ፣ ደብተር የገዛልኝ፣ የመታኝም ዘሪሁን ነው። ሁለት ጊዜ መትቶኛል፤ አንዱ ተገቢ ነበር።

ከልጅነቱ ጀምሮ እባብ የሚወድ ሰው እንዳይመስላችሁ። እናታችን እንደምትለው ትንሽ ልጅ ሳለ እንጨት ክምር ውስጥ እባብ ጥሎት የሄደ ቆዳ፣ ባዶ ቆዳ፣ አይቶ ሦስት ቀን ጎረቤት አድሯል። ትልቅ ሰው ከሆነም በኋላ ጠዋት ጫማውን ሳያራግፍ አያጠልቅም ነበር። ይህን ልማድ እስከ መጨረሻው አልተወውም። እባቧ ክንዱ ላይ ሆና እንኳ ጫማውን ያራግፋል።

የለወጠችው አንዲት ለቃሚ ናት። ክሊኒክ በገባ በመጀመሪያው የለቀማ ወቅት ባሏ በጀርባው አዝሏት መጣ። ጠዋት ቡና ስትለቅም እባብ ነክሷታል። ባልየው እግሯን ከጉልበቷ በታች በጠፍር አስሮ፣ የተነከሰችበትን በምላጭ በጥቶ፣ እባቡንም ገድሎ በጣሳ ይዞታል። ያሰራት ጠዋት ነው፤ የደረሱት ከቀትር በኋላ። እግሯ ጠቁሯል። ጅማ ተልካ ተቆረጠ። ክሊኒኩ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ ባለሥዕል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። ዘሪሁን ጣሳውን ከፍቶ እባቡን ከሥዕሎቹ ጋር አንድ በአንድ አስተያየው። ቡናማ የቤት እባብ ነበር። አይጥ የሚበላ። መርዝ የሚባል ነገር የሌለው።

«በሳሙና ታጥባ ለቀማዋን መቀጠል ትችል ነበር» አለኝ። «እግሯን የበላው ጠፍሩ ነው።»

«ነገርካት?»

«ምን ብዬ? ያሰራት እኮ ባሏ ነው። ያን ሁሉ መንገድ አዝሏት የመጣው ባሏ።»

አልነገራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እሱ የሚያውቀው ሰው ሁሉ እባብ ሲያጋጥመው ከመጮኹ በፊት እንዲያየው። «መፍራት ክልክል አይደለም፤ ዓይን መጨፈን ነው ክልክሉ» ይል ነበር። በጊዜው ክልክል ነገር ብዙ ስለነበር አንድ መጨመሩን ማንም ልብ አላለውም።

እባቧ የመጣችው ከዚያ በዓመቱ ነው። የቡና መጋዘን ውስጥ ዘበኞች ሊገድሏት ሲሉ ደርሶ በጆንያ ከትቶ ቤት አመጣት። ጆንያውን በሩ ሥር አስቀምጦ እጁን ሊታጠብ ጓሮ ዞረ። እናታችን ጎደሬ ያመጣላት መስሏት ፈታችው።

ጩኸቷን ሰምተው መጀመሪያ የደረሱት አብዮት ጥበቃዎች ናቸው፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ጠመንጃ። እባቧን ሲያዩ ጠመንጃ ያልያዘው ሮጠ። ጠመንጃ የያዘውም ተከተለው። ከዚያ ከአጥር ወዲያ ሆነው፣ «ያንን ነገር ይዘህ ወደ ቀበሌ ቅደም!» አሉት። ወንድሜ ጆንያውን ይዞ ከፊት፣ እነሱ ራቅ ብለው ከኋላ ሄዱ። እኔ ከእነሱም ኋላ ነበርኩ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አሰፋ ወንድሜ ሲገባ ከወንበሩ አልተነሣም። እግሮቹን ግን ወንበሩ ላይ ሰቀላቸው።

«ይህ አውሬ እዚህ ቀበሌ ውስጥ ሊያድር ነው?»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀ መንበር። መርዝ የላትም። የምትበላው አይጥ ነው።»

«ምን ትበላለች አልኩህ? ቤትህ እንግዳ ሲያድር ለቀበሌ ማስመዝገብ እንዳለብህ አታውቅም?»

«እባብ ስለሆነች እኮ…»

«መመሪያው እባብን አይመለከትም አይልም። ጸጉረ ልውጥ ሁሉ ይመዘገባል ነው የሚለው።»

«ጸጉርም የላት» አለ ወንድሜ።

ጸሐፊው መዝገቡን ደረቱ ላይ አስደግፎ በሩ ላይ ቆሞ ጻፈ። ስም ሲባል ዘሪሁን እስክሪብቶውን ጆሮው ውስጥ ከትቶ አሰበ። ሲያስብ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። «ትዕግስት» አለ። ለምን ቢሉት፣ አንድ ጊዜ ከበላች ሁለት ሳምንት ሳትጠይቅ እንደምትቀመጥ ነገራቸው። ጓድ አሰፋ፣ «ይህ እንኳ ጥሩ ልማድ ነው» አለ።

የእንግዳ ማስመዝገቢያው ወረቀት አሁንም እኔ ዘንድ አለ። የአባት ስም፦ አልታወቀም። የመጣችበት ቦታ፦ ቡና መጋዘን። የመጣችበት ምክንያት፦ አይጥ። የምትቆይበት ጊዜ በሚለው ላይ «እስክትለመድ ድረስ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ክብ ማኅተም አለ። በየሦስት ወሩ እየሄደ ያሳድስላት ነበር።

ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ወንድሜ ደፈረ። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» ሲባል እጁን አወጣና ስለ እባብ የሚናገርበት አሥር ደቂቃ እንዲሰጠው ጠየቀ።

«ጉዳዩ ከመደብ ትግሉ ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለ ጓድ አሰፋ።

«እባብ የሚነክሰው ባዶ እግሩን የሚሄደውን ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ባለጫማ ተነክሶ ክሊኒካችን መጥቶ አያውቅም።»

ሊቀ መንበሩ የራሱን ጫማ አየ። ከዚያ የተሰብሳቢውን እግር አየ። አሥር ደቂቃው ተፈቀደ። አሥር ደቂቃው አልበቃ ብሎ ወደ ቤታችን ደጃፍ ተዛወረና በየእሑዱ ሆነ።

መስመሩ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ዘሪሁን ትዕግስትን ይዞ ዱካው ላይ ይቀመጣል። እኔ ከዱካው ሃያ እርምጃ ቆጥሬ መሬቱ ላይ በጣሳ አመድ አፈስሳለሁ። ሰው ከመስመሩ ወዲያ ይቆማል። ሕጉ ቀላል ነበር። ለአምስት ደቂቃ ማንም ካልሮጠ በሚቀጥለው እሑድ መስመሩ አንድ እርምጃ ይጠጋል። አንድ ሰው እንኳ ከሮጠ አንድ እርምጃ ይመለሳል። እኔ አመድ አፍሳሽ ስለሆንኩ ሁልጊዜ ጣሳዬን ይዤ ከሰው ጋር ከመስመሩ ወዲያ ነበርኩ። ሳልነካት መቅረቴን ብዙ ሰው ያላወቀው ለዚህ ነው።

ሰው ግን የቆመው ሕጉን ብሎ አልነበረም። አመዱ የተደገመበት ነው፣ እባብ አይሻገረውም ተባለ። ዘሪሁን ይህን ሰምቶ አንድ ወር ዝም አለ፤ ሰዉ ጸጥ ብሎ ስለቆመለት። ከዚያ ሕሊናው አላስችል አለውና፣ «ተራ የምድጃ አመድ ነው፣ እናቴን ጠይቋት» አለ። ማንም አላመነውም። ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ በማግስቱ ጣሳ ይዘው መጡና ከእናታችን ምድጃ ዝቀው ሄዱ።

አዴ ዘይነባ እህል ነጋዴ ናቸው። ከሰው ሁሉ የባሱ ፈሪ እሳቸው ነበሩ። የሚቆሙት አጥራቸው ሥር፣ እጃቸውን የቆርቆሮ በራቸው ላይ አድርገው ነው። ትዕግስት ምላሷን ባወጣች ቁጥር፣ «ያ ረቢ! ቦፋ!» ይሉና፣ እባብ ማለታቸው ነው፣ በሩን ዘግተው ይገባሉ። መስመሩም ይመለሳል።

«አዴ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ያስመለሱን!» ይላል ሰዉ።

«እናንተ ልብ ስለሌላችሁ ነው! የእኔ ሲመታ እስከዚያ አይሰማችሁም?» ይላሉ ከበሩ ጀርባ።

«ሂን ሶዳቲና፣ አዴ» ይላቸዋል ዘሪሁን፤ አይፍሩ ማለቱ ነው።

«አንተ ልጅ፣ እኔን ከምትመክር እሷን ምላስሽን አታውጪ በላት!»

አንድ እሑድ ጓድ አሰፋ ራሱ ሮጠ። መስመሩ አሥራ አንድ እርምጃ ላይ ደርሶ ነበር። ትዕግስት ከወንድሜ ክንድ ወርዳ መሬት ነካች፤ ዞር ስንል ሊቀ መንበሩ የለም። ሰው ሁሉ ዘሪሁንን አየ። እኔም ጣሳዬን ይዤ ጠበቅኩ።

«ጓድ ሊቀ መንበር ለአስቸኳይ ጉዳይ ነው የሄዱት» አለ ወንድሜ። የዚያን ቀን መስመሩ አልተመለሰም።

ይህ ሁሉ በነጻ የመጣ አይደለም። በሁለተኛው ዓመት ቦሳ ኪቶ ያለች አንዲት አስተማሪ ወዶ ሽማግሌ ላከ። የልጅቷ አባት፣ «ወይ ልጄን፣ ወይ እባቡን» አሉ። ዘሪሁን መለሰላቸው፤ «ሦስት እሑድ ብቻ ይምጡ፤ ከዚያ ይወስኑ።» አንድ እሑድ መጡ። መስመሩ አሥራ ሰባት ላይ ነበር። ሮጡ። ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔ፣ «እባቧን ብትለቃት ምን ነበረበት?» አልኩት። እስክሪብቶውን ጆሮው ውስጥ ከተተ። «ሰውየው እኮ እስከ አሥራ ሰባት መጥተው ነበር» አለ። ያዘነው በዚያ ነበር መሰለኝ። ወይም በእሱ በኩል ሊነግረኝ የፈለገው ያን ያህሉን ብቻ ነው።

እናታችን ሣጥኑ ላይ ጠዋት ጠዋት ጠበል ትረጭ ነበር። አንድ ቀን ሦስታችንም እያየን ትዕግስት ብቅ ብላ ከሣጥኑ ጠርዝ ላይ ጠበሉን ጠጣችው። ቀስ ብላ፣ እስኪያልቅ።

«እንግዲህ ተጠመቀች» አላት ዘሪሁን።

እናታችን ሳቋን ለመደበቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእባቧን ውሃ በሲኒ የምትሞላው እሷ ሆነች።

መስመሩ ዱካው አጠገብ ሲደርስ ሰው በየተራ እየመጣ ይነካት ጀመር። ሁሉም መጀመሪያ የሚለው አንድ ነው፤ «ውይ፣ ቀዝቃዛ ናት!» የዘሪሁንም መልስ አንድ ነበር። «ቆይ። ትንሽ ከያዝካት ትሞቃለች። ሙቀቷን የምትወስደው ከአንተ ነው።» ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። እኔ ግን በወሬ ነበር የማውቀው።

ሞኝ አልነበረም። «እፉኝት ቢያጋጥመንስ?» ሲሉት፣ «እኔም አብሬያችሁ እሮጣለሁ» ይላል። «ግን እየሮጣችሁ መልኩን አስታውሱ፤ እግር በጠፍር አትሰሩ፤ ወደ ክሊኒክ ኑ።» በአራተኛው ዓመት ሰዎች የገደሉትን እባብ በጣሳ ማምጣት ትተው ያዩትን ሊነግሩት ይመጡ ጀመር። አንዱ አረንጓዴ ነበር ይላል፤ ሌላው ጭራው አጭር ነበር ይላል። በዚያን ጊዜ የወንድሜን ፊት ብታዩት! ዲፕሎማ የተቀበለ ሰው ይመስል ነበር።

ሰፈሩን ያሳመነው ትምህርቱ ብቻ ነው ብል ግን ራሱ ይስቅብኛል። አንድ ክረምት አይጥ በዛ። መጀመሪያ የመጡት አዴ ዘይነባ ናቸው። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ማሎ ዘሪሁን፣ እባክህ፣ ያቺን ልጅ ለሁለት ቀን ላክልኝ» አሉት። ትዕግስት እህላቸው መሐል ሁለት ቀን ከረመች። ከዚያም ሁለት ጊዜ ጠርተዋታል። ቀጥሎ ከቀበሌ ደብዳቤ መጣ። ትዕግስት የተባለችው የቤታችን እንግዳ ለሦስት ሳምንት በትውስት ለኅብረት ሱቁ መጋዘን እንድትመደብ ይጠይቃል። ጓድ አሰፋ ራሱ ሊረከባት መጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘረጋ።

«ዓይን መጨፈን ክልክል ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለው ወንድሜ።

ጓድ አሰፋ አንድ ዓይኑን ከፈተ።

በዚያ በመጨረሻው እሑድ አመድ ካፈሰስኩ ወራት አልፈው ነበር። የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። ጣሳዬ ጓሮ ተጥሎ ዝጓል።

ሰኞ ረፋድ ላይ ከክፍል ጠሩኝ። ቤት ስደርስ እናታችን መሬት ላይ ነበረች። ይህን አልጽፈውም። የዘሪሁን አስከሬን እኩለ ቀን ላይ መጣ፤ አሥር ሰዓት ላይ ቀበርነው።

ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ደርሷል። መጀመሪያ «መኪናው ላይ እባብ ነበር» ተባለ። እኩለ ቀን ላይ «እባብ ነክሶት ነው» ሆነ። ከመቃብር ስንመለስ ደግሞ የራሱ እባብ ናት፣ በኪሱ ይዟት ሄዶ ነው ይባል ነበር። ትዕግስት ያን ሁሉ ሰዓት ቤታችን፣ በተጠገነው ክዳን ሥር፣ ተጠቅልላ ተኝታለች።

ድንኳኑ በር ላይ አንዲት ለቃሚ ጠበቀችኝ። ጫልቱ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ግራ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝ።

«የዶክተር ወንድም አንተ ነህ አይደል?» አለች። «እኔ ነኝ የጮህኩት።»

አልገባኝም።

«መኪናው ላይ። የቅርጫቴ ገመድ ነው፣ ቃጫው። ተፈትቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ቦፋ! ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። የኋላው በር ተከፈተ።»

«እሱስ?»

«እሱ በሩን ተደግፎ ነበር የተቀመጠው። ስጮህ ተነሣ። ‹የት አለ? እስቲ ልየው› አለ። ወደ እኔ እየመጣ ሳለ ነው የገፉት።»

እሷም ተገፍታ፣ ሦስት ሰው ከመኪናው ወደቀ። እሷና ሌላ አንዱ ተነሡ።

ልመታት ፈልጌ ነበር። ክንዷን አየሁና ተውኩት። «ለማንም አልተናገርኩም» አለች። እኔም አልተናገርኩም። ያቺ እግሯን ያጣች ሴትዮ ትዝ አለችኝ። ወንድሜ ስለ እሷ ዝም ብሎ የነበረው እንዲህ ሆኖ ይሆናል።

ማክሰኞ ጠዋት እናታችን አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ጓድ አሰፋ ወደ ድንኳኑ ገባ። ትናንት መቃብሩ ላይ ዘሪሁን ለሰፊው ሕዝብ ጤና የተሰዋ ነው ብሎ ተናግሮ ነበር። ዛሬ ግን ራሱም ዱላ ይዟል፤ ከኋላውም ዱላ የያዙ አራት ሰዎች አሉ። አንደኛው በጠርሙስ ላምባ ይዟል።

«እናቴ፣ ያንን አውሬ አሁኑኑ እናጠፋልዎታለን» አላት። «ምዝገባው ተሰርዟል።»

ለቀስተኛው አጉረመረመ። «ደግ አደረጋችሁ» የሚልም ነበር። «አላልኩም? እባብ እባብ ነው፤ ተላምዶ ተላምዶ በላው» የሚልም ነበር። እናታችን ቀና አላለችም። እጄን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችኝ።

«ትናንት ውሃዋን የሞላላት አለ?» አለችኝ በቀስታ።

አልነበረም። ከድንኳኑ ወጣሁ። አሻግሬ ሳይ አዴ ዘይነባ አጥራቸው ሥር ቆመዋል። የድሮው ቦታቸው ላይ። እጃቸው የቆርቆሮው በር ላይ ነው። ከጓድ አሰፋ ዱላ ይልቅ እሱ ነው የጎዳኝ። አምስት ዓመቱ በአንድ ቀን ወደ ሃያ እርምጃ ተመልሷል።

ቤት ገብቼ ሲኒውን ሞላሁ። ሣጥኑን ከፈትኩ። ጠጣች። ወንድሜ የሚላቸውን ሁሉ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። «ከላይ አትምጣባት፤ ከላይ የሚመጣው ጭልፊት ነው። ከጎን፣ ከመሐሏ፣ ከሥር።» ከጎን፣ ከመሐሏ፣ ከሥር አድርጌ አነሣኋት። ቀዝቃዛ ነበረች። እንዲህ ቀዝቃዛ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጩኸት መጣብኝ፤ ዋጥኩት። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ክንዴ ላይ አንድ ዙር ዞረች። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ኪስ ፈለገች። የእኔ ሸሚዝ ኪስ አልነበረውም።

ይዣት ስወጣ ሰዉ ሮጠ። ለቀስተኛው፣ ዱላ የያዙት፣ ሁሉም። ዘሪሁን ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚል አላውቅም። ሕጉን ግን አውቃለሁ። ጓሮ ሄጄ ዝገት የበላውን ጣሳ አነሣሁ፤ ከልቅሶው ምድጃ በነጻው እጄ አመድ ዘገንኩ። ከዱካው ሃያ እርምጃ ቆጥሬ አፈሰስኩ። ሰው ከሮጠ መስመሩ ይመለሳል። ጓድ አሰፋ ዱላውን እንደያዘ መጥቶ መስመሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ልማድ ይሁን ወይም አሁንም አመዱን እያመነ፣ አልተሻገረም። ሌሎቹም ከጎኑ ቆሙ።

ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። መናገር ነበረብኝ። «መፍራት ክልክል አይደለም» አልኩ።

ከሰዉ መሐል ጫልቱ ወጣች። መስመሩን ተሻገረች። ሕጉ በሳምንት አንድ እርምጃ ነው የሚለው፤ አላስቆምኳትም። ሃያውንም መጣች። ዱካው ሥር ተንበረከከችና በደኅናው እጇ አንድ ጣቷን ትዕግስት ጀርባ ላይ አሳረፈች። እያለቀሰች ነበር።

«ቀዝቃዛ ናት» አለች።

«ቆዪ» አልኳት። «ትንሽ ከያዝሻት ትሞቃለች።»